ክረምቱን ቆሞ የከረመ ሞተር ሳይክል፦ ስለ ሃይድሮሊክ ፍሪሲዮን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎጃም ውስጥ ሰኔ ገብቶ ዋልካው ሲላቁጥ ብዙ ሞተር ሳይክል ጎተራ ሥር፣ ከጭድ ክምር አጠገብ ወይም ከቢሮ ጀርባ ላስቲክ ለብሶ ይቆማል። መስከረም ሲያልቅ ጭቃው ይደርቃል፣ ባትሪው ይሞላል፣ ጎማው ይነፋል፣ ሞተሩም ይነሳል። አንደኛ ማርሽ ሲገባ ግን ወይ ሞተሩ ድርግም ብሎ ይጠፋል፣ ወይ ሞተር ሳይክሉ ዘሎ ይሄዳል፣ ወይ ደግሞ የፍሪሲዮኑ እጀታ ምንም ሳይከብድ እስከ መያዣው ይገባል። ይህ ገጽ ለዚያ ጠዋት ነው።

ስሞቹን እናስተካክል። መሪው ላይ ከእጀታው ጋር ያለውን፣ የፍሬን ዘይት ቋት የተሸከመውን ክፍል «የላይኛው ፓምፕ» እንለዋለን። ሞተሩ ላይ ሆኖ ዘንጉን የሚገፋው «የታችኛው ፓምፕ» ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ቱቦ አለ። «የፍሬን ዘይት» ስንል በዚህ ቱቦ ውስጥ ያለውን፣ «የሞተር ዘይት» ስንል ካርተር (የሞተሩ ሣጥን) ውስጥ የፍሪሲዮኑ ሸራዎች፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሹ የሚያስተላልፉት ዲስኮች፣ የሚዋኙበትን ማለታችን ነው። ሁለቱን ማምታታት ያመጣውን ጉዳት ወደ ታች እናየዋለን።

የእኔ ፍሪሲዮን ሃይድሮሊክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

የግራውን እጀታ ሥር ይዩ። እንደ ቀኙ የፊት ፍሬን ትንሽ ባለ ክዳን ቋት ካለ ሃይድሮሊክ ነው። ማስተካከያ ዳዶ ያለው የብረት ገመድ ከወጣ ደግሞ ባለ ገመድ ነው። በገጠሩ የሚበዙት ከ100 እስከ 200 ሲሲ ያሉት ሞተሮች በአብዛኛው ባለ ገመድ ናቸው። ሃይድሮሊኩ በብዛት የሚገኘው እንደ ኬቲኤም ባሉት የተራራ ሞተሮችና በትላልቆቹ ላይ ነው። ባለ ገመድ ከሆነ ስለ ፓምፕና ስለ አየር ማስወጣት የተጻፈውን ይዝለሉት፤ ስለ ተጣበቀ ሸራና ስለ ሞተር ዘይት ያለው ግን የእርስዎም ነው።

ሳይነዳ ቆሞ እንዴት ይበላሻል?

ሁለት ነገሮች፣ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይሆናሉ። አንደኛው ላይ፣ የፍሬን ዘይቱ ውስጥ ነው። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 የሚባሉት የፍሬን ዘይት ዓይነቶች ከአየር ላይ እርጥበት ይስባሉ። በክዳኑ ጎማና በቱቦው ግድግዳ በኩል ጥቂት በጥቂት ይገባል፤ የሦስት ወር የጎጃም ክረምት ደግሞ እርጥበት አይሰስትም። እርጥበት የጠጣ ዘይት በፓምፑ አሉሚኒየም ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ያወጣል፤ ቋቱ ሥር ደግሞ ቡናማ ዝቃጭ ይሠራል። የጎማ ማገጃዎቹም (ጎሚኒዎቹ) ሳይንቀሳቀሱ በአንድ ቦታ ስለሚከርሙ ከንፈራቸው ቅርጹን ይይዛል፣ ከዚያ መጀመሪያ ሲገፉ አየር ያስገባሉ።

ሁለተኛው ታች፣ ሸራዎቹ ላይ ነው። ሞላዎቹ የሸራና የብረት ዲስኮቹን ቀንና ሌሊት አጥብቀው ይዘዋቸዋል። በመካከላቸው የነበረው የሞተር ዘይት ተጨምቆ ይወጣል፣ የቀረው ይወፍራል፣ ዲስኮቹም እንደ ሁለት እርጥብ መስታወት ይጣበቃሉ። ያረጀና የጠቆረ ዘይት ይዞ የቆመ ሞተር ይበልጥ ይጣበቃል።

ችግሩ ከላይ ነው ወይስ ከታች? ሳልፈታ እንዴት ልለይ?

ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ይህን ሳይለይ ሲጀምር ነው። ሸራው ተጣብቆ ሳለ ፓምፕ የሚገዛ አለ፤ ቱቦው ውስጥ አየር ሳለ ካርተር የሚያስፈታም አለ። ምርመራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሞተሩን ያጥፉ፣ ሜዳ ቦታ ላይ አንደኛ ማርሽ ያስገቡ፣ እጀታውን ሙሉ በሙሉ ይሳቡና ሞተር ሳይክሉን ወደፊት ይግፉ።

እጀታው እንደ ድሮው ጠንካራ ሆኖ፣ እየመለሰ፣ ሞተር ሳይክሉ ግን አልገፋ ካለ ወይም የኋላ ጎማው ከተንሸራተተ የላይኛው ክፍል ሥራውን እየሠራ ነው፤ የተጣበቀው ሸራው ነው።

እጀታው ልል፣ ስፖንጅ የመሰለ ወይም ባዶ ከሆነ ችግሩ የፍሬን ዘይቱ መስመር ላይ ነው። ቶሎ ቶሎ አሥር ጊዜ ይሳቡትና እንደ ተሳበ ይያዙት። እየጠነከረ ከመጣና ሞተር ሳይክሉ መገፋት ከጀመረ መስመሩ ውስጥ አየር አለ። ጠንክሮ ቆይቶ በእጅዎ ውስጥ ቀስ እያለ ከሰመጠ ደግሞ ማገጃ ጎማ ያሳልፋል ወይም የሚንጠባጠብ ቦታ አለ።

እጀታው ከወትሮው የከበደና ሲለቁት ቀስ ብሎ የሚመለስ ከሆነ ከሁለቱ ፓምፖች የአንዱ ፒስቶን ዝጓል። በቅድሚያ ግን የእጀታውን ማጠፊያ ቡሎን ይፍቱና ይዩ፤ ደርቆና ጭቃ ጠጥቶ እሱው ራሱ ይዞት ይሆናል። ያጽዱት፣ ግሪስ ይቀቡት።

አንድ ማሳሰቢያ፦ እንጅባራ ወይም ጮቄ ሥር ባለ ቀዝቃዛ ማለዳ የሞተር ዘይት ስለሚወፍር ደህናው ፍሪሲዮንም ትንሽ ይጎትታል። ሞተር ሳይክሉ ሲገፋ ትንሽ ከከበደ ብልሽት አይደለም።

ቋቱ ጎድሏል። የት እንደሚፈስ እንዴት ላግኝ?

በዚህ ክፍል ውስጥ የፍሬን ዘይት አይተንም፣ አይበላም፤ ከጎደለ ፈስሷል። አራት ቦታ ይፈልጉ፦ የላይኛው ፓምፕ እጀታው በሚገፋበት በኩል ያለችውን አቧራ መከላከያ ጎማ ገልጠው፣ የቱቦው ሁለት ጫፍ ላይ ያሉትን የመዳብ ሮንዴላዎች፣ ቱቦውን ራሱን (ጭድ አጠገብ የቆመ ከሆነ አይጥ ነክሶት እንደሆነ) እና የታችኛውን ፓምፕ።

የታችኛው ፓምፕ በብዙ ሞተሮች ላይ የሚገኘው በግራ በኩል፣ ከሰንሰለቱ ትንሹ ጥርስ አጠገብ ነው። ሰኔ ላይ ዋልካ ውስጥ የተነዳ ሞተር ሳይክል እዚያ ሽፋን ውስጥ የጭቃ ጡብ ይዞ ይቆማል። ዋልካ ውኃ ይዞ ለሳምንታት ስለማይለቅ ያ ጡብ ክረምቱን በሙሉ ፓምፑን ያቆስላል። የታችኛው ፓምፕ ጎጃም ውስጥ ቶሎ የሚሄድበት ዋና ምክንያት ይህ ይመስለናል፤ ከመንገዱ ይልቅ ሳይታጠብ መቆሙ ነው የሚጎዳው። ሽፋኑን ይፍቱ፣ ጭቃውን በእንጨት ይፈቅፍቁ፣ በውኃ ይጠቡ፣ ያድርቁ፣ ከዚያ እጀታውን ሃያ ጊዜ ስበው ይመልከቱ።

እርጥበት ካገኙ የፍሬን ዘይት ይሁን የሞተር ዘይት ይለዩ። ጠብታውን ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ይጣሉት። ዶት 4 ከውኃው ጋር ይዋሃዳል፤ የሞተር ዘይት ይንሳፈፋል። የሞተር ዘይት ከሆነ ፓምፑ ደህና ነው፣ ያረጀው የዘንጉ ኦይል ሲል (ዘይት ማገጃ ጎማ) ነው።

የታችኛው ፓምፕ ተፈትቶ በቱቦው ተንጠልጥሎ ሳለ እጀታውን ማንም እንዳይስብ። ፒስቶኑ ተወርውሮ ይወጣል፣ ዘይቱም ይከተለዋል።

የትኛውን የፍሬን ዘይት ልጨምር?

ክዳኑ ላይ የተጻፈውን። አብዛኛው ዶት 4 ነው። ማጉራ የሚባለው ፓምፕ ያለባቸው ብዙ ሞተሮች፣ አሮጌዎቹን ኬቲኤሞች ጨምሮ፣ የሚጠቀሙት ግን ማዕድናዊ ዘይት ነው። ብሬምቦ የሚባለው ፓምፕ የገባላቸው ዶት 4 ይወስዳሉ። ሁለቱ አይቀላቀሉም፤ የማገጃዎቹ ጎማ ዓይነት የተለያየ ስለሆነ የአንዱ ዘይት የሌላውን ጎማ አሳብጦ ያበላሸዋል። ክዳኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ከጠፋ የብርጭቆውን ፈተና ይድገሙ፦ ከቋቱ የተቀዳው ጠብታ ውኃ ውስጥ ከሟሟ የዶት ወገን ነው፣ ከተንሳፈፈ አይደለም።

ዶት 3ን በዶት 4 ቦታ መጨመር ጎማ አያበላሽም፤ ነገር ግን ቶሎ ይፈላል። ዝቅተኛው የመፍያ ልክ፣ ዘይቱ አዲስ ሲሆንና እርጥበት ሲጠጣ፣ ይህን ይመስላል፦ ዶት 3 ከ205 ወደ 140 ዲግሪ፣ ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ዲግሪ፣ ዶት 5.1 ከ260 ወደ 180 ዲግሪ ይወርዳል። ቁጥሩ ብቻውን 5 የሆነው ሲሊኮን ነው፤ ከ5.1 ጋር አይምታታ፣ አይግዙት።

ይህ የመፍላት ነገር የወረቀት ወሬ አይደለም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ከዚያ በዝቅተኛ ማርሽና በከፊል በተያዘ ፍሪሲዮን ዳገቱ ይወጣል። የታችኛው ፓምፕ በጋለ ሞተር ላይ ተለጥፎ ነው ያለው። እርጥብ ዘይት እዚያ ሲፈላ እጀታው ልል ይሆናል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ስለሚጠነክር ጋራዥ ሲደርስ ማንም ጥፋቱን አያገኘውም።

የሚገዙት ያልተከፈተ ጠርሙስ ይሁን። በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ የፍሬን ዘይት ምን እንደሆነም፣ መቼ እንደተከፈተም አይታወቅም። አምና ከፍተው መደርደሪያ ላይ የተውትም ያው ነው፤ የከፈቱበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ይጻፉ።

የፍሬን ዘይቱን እንዴት ልቀይር፣ አየሩንስ እንዴት ላስወጣ?

የሚያስፈልገው፦ 250 ሚሊ ሊትር የታሸገ የፍሬን ዘይት (የሚሄደው ከ100 እስከ 150 ነው)፣ 8 ቁጥር ቁልፍ (አንዳንዱ 7 ወይም 10 ይወስዳል)፣ የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ግማሽ ሜትር የሚያሳይ ላስቲክ ቱቦ፣ ትንሽ ጠርሙስ፣ ሲሪንጅ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ እና አንድ ጆግ ውኃ። ውኃው ለቀለሙ ነው፤ ዶት 4 ሳልባትዮው ላይ ከተንጠባጠበ ሳይውል ሳያድር ቀለሙን ይልጠዋል። ጠብ ሲል ወዲያው ውኃ ያፍስሱበት፣ መጥረግ ብቻውን ያሰፋዋል።

የአየር ማስወጫው ቡሎን ከዛገ ከአንድ ቀን በፊት ዝገት ማላቀቂያ ይንፉበት። በአሉሚኒየም ውስጥ የተሰበረ ቡሎን ከዚህ ሁሉ ሥራ የበለጠ ወጪ ያመጣል።

1. መሪውን አዙረው የቋቱ ክዳን እንደ ውኃ ገጽ ጠፍጣፋ እንዲሆን ያድርጉ። ዙሪያውን ጠርገው ክዳኑን ይፍቱ። የክዳኑ ቪቶች ለስላሳ ናቸው፤ ልክ የሆነ ካቻቢቴ ያስገቡና ከመፍታትዎ በፊት አናቱን በመዶሻ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉ።

2. አሮጌውን ዘይት በሲሪንጅ ይምጠጡ፣ ሥሩ ላይ ያለውን ዝቃጭ በጨርቅ ያውጡ። ቋቱ ባዶ ሳለ እጀታውን አይሳቡ።

3. አዲሱን ይሙሉ። ቱቦውን የታችኛው ፓምፕ ማስወጫ ቡሎን ላይ ይሰኩ፣ ሌላው ጫፍ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት አዲስ ዘይት ውስጥ ይጥለቅ።

4. እጀታውን ቀስ ብለው ይሳቡና ይያዙ። ቡሎኑን ሩብ ዙር ይክፈቱ፤ ዘይትና አረፋ ይወጣል። እጀታው ሳይለቀቅ ቡሎኑን ይዝጉ፣ ከዚያ ይልቀቁ። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው አየር ሲያስገባ ነው የሚውለው።

5. በየአራት በየአምስት ስበቱ ቋቱን ይዩ። አንድ ጊዜ ባዶ ከሆነና አየር ከሳበ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀምራል።

6. የሚወጣው ዘይት ጠርቶ፣ አረፋ አጥቶ፣ እጀታው ሲጠነክር ይዝጉ። ቡሎኑ ውስጡ ክፍት የሆነ ቀጭን ነገር ነው፤ በአጭር ቁልፍ፣ በሁለት ጣት ኃይል ይበቃዋል።

7. የዘይቱ ልክ ላይ አብዛኛው ሰው ይሳሳታል። የፍሬን ሸራ ሲያልቅ የፍሬኑ ቋት ይጎድላል፤ የፍሪሲዮን ሸራ ሲያልቅ ግን የፍሪሲዮኑ ቋት ይሞላል፣ ምክንያቱም ሸራው በሳሳ ቁጥር ዘንጉ ወደ ፓምፑ እየተመለሰ ዘይቱን ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ እስከ አፍ አይሙሉ። የሚታይ ምልክት ካለ በእሱ፣ ከሌለ ከአፉ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። የክዳኑን ጎማ እጥፋት አስተካክለው ይግጠሙ።

ሃያ ጊዜ አስወጣሁ፤ እጀታው አሁንም ልል ነው።

አየር ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ወደ ታች አይወርድም፣ እኛ ግን ወደ ታች ልንገፋው እንሞክራለን። ስለዚህ አንዳንዱን ሞተር ከታች ወደ ላይ መሙላት ይሻላል። አሮጌው ዘይት አስቀድሞ ታጥቦ ከወጣ በኋላ 50 ወይም 60 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ሲሪንጅ 30 ሚሊ ሊትር ያህል አዲስ ዘይት ይቅዱ፣ ከቱቦው ውስጥ አየሩን ያውጡ፣ ከማስወጫው ቡሎን ጋር ያገናኙና ቡሎኑን ከፍተው በዝግታ ወደ ላይ ይግፉ። ሌላ ሰው ላይ ሆኖ ቋቱ እንዳይፈስ ይምጠጥ። መጀመሪያ ሳያጥቡ ይህን ካደረጉ የታችኛውን ቆሻሻ ወደ ላይኛው ፓምፕ ቀዳዳ ይወስዱታል።

ሌላው የአየር መደበቂያ ቱቦው ከላይኛው ፓምፕ ጋር የሚገናኝበት ቡሎን ነው፤ ብዙ ጊዜ ከመስመሩ ሁሉ ከፍ ያለው ቦታ እሱ ነው። ጨርቅ ሥሩ አድርገው፣ እጀታውን ስበው፣ ቡሎኑን ላላ አድርገው ወዲያው ያጥብቁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል።

የቀረችውን ትንሽ አረፋ ለማውጣት ክዳኑን ከፍተው እጀታውን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነካ ነካ ያድርጉ፤ አረፋዎቹ ቋቱ ውስጥ ብቅ ብቅ ይላሉ። ካልሆነም ክዳኑን ገጥመው እጀታውን ከመያዣው ጋር በካላማዳሪያ ቁራጭ አስረው ያሳድሩት። ጠዋት ፈትተው ቱቦውን በጣት ኮርኮም ኮርኮም ያድርጉ። የድሮ ዘዴ ነው፣ ግን ይሠራል።

ይህም ሁሉ ሆኖ ልል ከሆነ ማገጃው ጎማ አልቋል። የጎሚኒ ኪት ይግዙ። ፓምፑ ሲፈታ የውስጡን ግድግዳ በጥፍር ይዳስሱ፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ወይም ጉድጓድ ካለ አዲስ ጎሚኒ ሁለት ወር አይቆይም፣ ፓምፑ ራሱ ይቀየር።

እጀታው ደህና ነው፤ ሸራው ግን ተጣብቋል። ሳልፈታ ማላቀቅ ይቻላል?

አብዛኛውን ጊዜ፣ አዎ። ከቀላሉ ይጀምሩ።

ሞተሩን ኒውትራል ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያሙቁ፣ ከቤት ውጭ፤ ጢሱ በተዘጋ ቤት ውስጥ ይገድላል። ከዚያ ያጥፉት፣ የመጨረሻውን ከፍተኛ ማርሽ ያስገቡ፣ እጀታውን ስበው ሞተር ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ይወዝውዙ። ከፍተኛው ማርሽ የሚመረጠው የኋላ ጎማው ጉልበት ሸራው ላይ ይበልጥ የሚያርፈው በእሱ ስለሆነ ነው፤ በአንደኛ ማርሽ ከጀመሩት ለብዙ ሰዓት ይታገላሉ። ጠቅ የሚል ድምፅ ወይም ድንገተኛ መላላት ከተሰማ ተላቅቋል።

ካልሆነ ሁለተኛው መንገድ በመንዳት ነው፤ ይህ መንዳት ለሚችል ሰው ብቻ፣ ሰውና ከብት በሌለበት ሜዳ፣ ሄልሜት ተደርጎ ነው። የሞቀውን ሞተር ኒውትራል ላይ አስነስተው ሰው ይግፋዎት፤ ሲንደረደር እጀታውን ስበው ሁለተኛ ማርሽ ያስገቡ። ሞተር ሳይክሉ ይሄዳል። እጀታውን እንደሳቡ ነዳጅ ይስጡ፣ ይልቀቁ፣ ይስጡ፣ ይልቀቁ፤ የኋላ ፍሬኑንም ለስለስ አድርገው ይንኩ። አውራ ጣትዎ ማጥፊያው ላይ ይሁን። የሚላቀቅ ከሆነ ከ100 ሜትር ብዙም አይርቅም።

የፊት ጎማን ግድግዳ ወይም ዛፍ ላይ አስደግፎ ማርሽ መክተት የሚባለውን አይሞክሩ። ሰንሰለቱንና የማርሹን ጥርስ ይጎዳል፣ ሲላቀቅም በየት በኩል እንደሚዘል አይታወቅም።

ሁለቱም ካልሠሩ የቀኙ ሽፋን ይፈታል። ሞተር ሳይክሉን ወደ ግራ በደንብ ካጋደሉት የሞተር ዘይቱን ሳያፈሱ መክፈት ይቻላል፤ ግን ዘይቱ ክረምቱን ከከረመ ማፍሰሱ ይሻላል። የሞላዎቹን ቡሎኖች በመስቀል፣ ጥቂት በጥቂት ይፍቱ። ሸራና ብረቱ የሚወጣበትን ቅደም ተከተል በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ የመጨረሻዋ ሸራ ከሌሎቹ ልትለይ ትችላለች። የተጣበቁትን በቀጭን ፕላስቲክ ይለያዩ፣ በካቻቢቴ አይፈንቅሉ።

ብረቶቹን መስኮት መስታወት ላይ ያጋድሟቸው። ተራ ባለ ሁለት ስለት ምላጭ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሥራቸው ሊገባ ከቻለ ተጣመዋል። የሚፈቀደው መጣመም እንደ ሞተሩ ከ0.1 እስከ 0.3 ነው። ላይ ላዩን የያዘ ዝገት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይለቃል፤ ጉድጓድ ያወጣው ይጣላል። ሸራውን ግን አይፈግፍጉ፤ ከጠቆረና ካብለጨለጨ፣ ወይም ከመመሪያው ልክ ከሳሳ አዲስ ይገዛል። አሮጌም ሆነ አዲስ ሸራ ከመግጠም በፊት በንጹሕ የሞተር ዘይት ተነክሮ ይደር። ደረቅ ሸራ የገጠመ ሰው የመጀመሪያው ዳገት ላይ ያቃጥለዋል። የሞላ ቡሎኖቹ 6 ሚሊ ሜትር ከሆኑ ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር ይበቃቸዋል።

ሲቀዘቅዝ ደህና ነው፤ ሲሞቅ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ጎማው አይሄድም።

ይህ የመንሸራተት ችግር ነው፤ ሸራ አልቋል ብለው ከመግዛትዎ በፊት ቋቱን ይዩ። ከቋቱ ሥር ወደ ፓምፑ የምትወርድ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማትሞላ ቀዳዳ አለች። ዘይቱ ሲሞቅ የሚጨምረው መጠን በእሷ በኩል ነው ወደ ቋቱ የሚመለሰው። ዝቃጭ ከደፈናት ዘይቱ መውጫ ያጣና የታችኛውን ፓምፕ ይገፋል፤ እርስዎ ሳይነኩት ፍሪሲዮኑ በግማሽ ተይዞ ይሄዳል። ቋቱ እስከ አፉ ሲሞላም ያው ነው።

ፈተናው፦ መንሸራተት ሲጀምር ቆመው የታችኛውን ማስወጫ ቡሎን ለአፍታ ይክፈቱ። ጥቂት ዘይት ቱር ብሎ መንሸራተቱ ከጠፋ ጥፋቱ ቀዳዳዋ ናት። ለመክፈት ከመብራት ሽቦ አንዲት የመዳብ ክር መዝዘው በቀስታ ያስገቡ፤ መርፌ አይጠቀሙ፣ ጠርዟን ከቧጨረ ጎሚኒውን ይቆርጣል። ስትከፈት እጀታው በትንሹ ሲነካ ቋቱ ውስጥ ደቃቅ ምንጭ ትፈነዳለች። ዓይንዎን ያርቁ።

ጎሚኒውን በቤንዚን ላጥበው? ዘይት ሳጣ ሌላ ነገር ላድርግበት?

አይሆንም። የዶት 4 ጎሚኒ ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ግሪስና የሞተር ዘይት ሲነካው ያብጣል፤ ያበጠ ጎሚኒ ደግሞ ፒስቶኑን ይይዛል። ጋራዥ ውስጥ ሁሉን ነገር በናፍጣ ማጠብ የተለመደ ስለሆነ አጠገብ ቆመው ይከላከሉ። ጎሚኒ የሚታጠበውም የሚለሰልሰውም በአዲስ የፍሬን ዘይት ነው። ብረቱን በሕክምና አልኮል ማጽዳት ይቻላል። አረቄ ግን ውስጡ ውኃ አለበት፤ ለሌላ ጉዳይ ይቆይ።

የኑግ ዘይትም ተሞክሮ ያውቃል። ኑግ ሲቆይ እንደ ቫርኒሽ የሚደርቅ ዘይት ነው፤ ፓምፑን ከነቱቦው ያጣብቀዋል። ያለ ፍሪሲዮን ቀስ ብሎ ከተማ መድረስ ይሻላል።

የሞተር ዘይትስ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ሸራዎቹ በእሱ ውስጥ ነው የሚሠሩት። ጠርሙሱ ላይ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 (የሞተር ሳይክል ዘይት የደረጃ ምልክት) የሚል ይፈልጉ። ለመኪና የተሠራ ነዳጅ ቆጣቢ ዘይት ፍትጊያ የሚቀንስ ቅመም ስላለበት ሸራውን ያንሸራትታል።

ገመዱ ነው እንጂ ሃይድሮሊክ አይደለም፤ ምን ልመልከት?

የፍሪሲዮኑን ገመድ ከሁለቱም ጫፍ ፈትተው በሽፋኑ ውስጥ ይሳቡት። ከጠጠረ ከላይኛው ጫፍ ቀጭን ዘይት እያንጠባጠቡ ታች እስኪወጣ ይጠብቁ። ጫፉ ላይ አንድ ክር እንኳ ከተበጠሰ ገመዱን ይቀይሩ። እጀታው ሥሩ ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ባዶ እንቅስቃሴ ይኑረው። ያለዚያ ሸራው ይቃጠላል።

ለሚቀጥለው ክረምት ምን አድርጌ ላቁመው?

ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይበረታ፣ የፍሬን ዘይቱን ይቀይሩ። ሁለት ዓመት ይቆያል የሚባለው ለደረቅ አገር ነው፤ እኛ ዘንድ በየዓመቱ ብንል ይሻላል። የሞተር ዘይቱንም አዲስ አድርገው፣ አሙቀው ያቁሙት። ሲቆም የሰንሰለቱን ጥርስ ሽፋን ከፍተው ጭቃውን ያውጡ። ላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አይጠቅልሉ፤ ከሥር አየር ይግባ፣ አለዚያ ላቡ ውስጡ ይቀራል። ጭድ ከሚከማችበትም ራቅ ይበል።

እጀታውን አስሮ ክረምቱን ማክረም የሚባል ምክር አለ። ለገመድ ፍሪሲዮን ይጠቅማል። ለሃይድሮሊኩ ግን አንወደውም፤ ሦስት ወር ሙሉ ጎሚኒው ግፊት ተሸክሞ ይከርማል። በየሁለት ሳምንቱ ሞተሩን ለሩብ ሰዓት አስነስቶ እጀታውን ሃያ ጊዜ መሳብ፣ ከተቻለም ግቢ ውስጥ ሁለት ሦስት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ማንቀሳቀስ ላዩንም ታቹንም ይጠብቃል። ቤት የሚቀር ልጅ ካለ ይህን ያስተምሩት፤ ማርሽ ግን አያስገባ።